ጀልባ ስናጠጣ

ከመቂ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ የመጀመሪያው ጀሪካን አለቀ።

"ሌላ አምጣ!" አልኩት ባሌን።

ጫምሳ ተሳቢው ጠርዝ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ገመድ ጨብጦ፣ በሌላው ሁለተኛውን ጀሪካን ወደ ላይ ገፋልኝ። መኪናው ጉድጓድ ገባና ጀሪካኑ ሊያመልጠኝ ሲል በጉልበቴ ያዝኩት። እኔ ጀልባዋ ውስጥ ነኝ። ጀልባዋ ተሳቢ ላይ ናት። ተሳቢውን ኡራል የጦር መኪና ይጎትተዋል። ሁላችንም በደረቅ አስፋልት፣ በመጋቢት ፀሐይ፣ ወደ ባሕር እየሄድን ነው።

የተነጠፉትን ጆንያዎች አንድ በአንድ እያነሳሁ አራስኳቸው። ከሥራቸው ያለውን የጣውላ መጋጠሚያ በመዳፌ ዳበስኩ።

"እንዴት ናት?" አለ ጫምሳ።

"እንዳንተ ናት። ዝም ብላለች።"

ከፊታችን በሚሄደው ዋዝ ጂፕ ውስጥ ሻምበል ኪዳነወልድ የሚባል የጭነት መኮንን ተቀምጧል። ደረት ኪሱ ውስጥ ወረቀት አለ። ወረቀቱ "ትጋት" የምትባለውን ባለ ሞተር የዓሣ ጀልባ ከነሞተረኛዋ ከማኅበራችን ተረክቤአለሁ፣ ጀልባዋ ደህና ናት ይላል። ፊርማ አለበት፣ ማኅተም አለበት። ሞተረኛው የኔው ጫምሳ ነው። ደህና ናት የሚለው ደግሞ ውሸት ነው።

ዘመኑ ሰማንያ ሁለት ነው። ምጽዋ ከተያዘች ወር አልፏታል። የባሕሩ ደሴቶች ላይ ለቀረው ጦር ዱቄትና ውኃ የሚያደርስ ትንሽ ጀልባ ቸገረ ተባለና ሐይቅ ላይ ያለ ባለ ሞተር ጀልባ ሁሉ ለግዳጅ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ ወጣ። የኛ ማኅበር ዝዋይ ላይ ሁለት ጀልባ ነበረው። ቁጥር አንድ አርጅታ ሞተሯ ሞቷል። ቁጥር ሁለት ትጋት ናት። ዘጠኝ ሜትር ትረዝማለች፣ ከኋላዋ መረብ ትጎትታለች፣ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ሞልታ ስትመጣ ዳር የቆምን ሴቶች ቢላችንን እንስላለን። አርባ ሁለት ቤት ያደረው በሷ ነው።

መደበቁ የኔ ሐሳብ ነው። ሰው ላይ አላላክክም። "የሐይቁ ደሴቶች ዘንድ ተበላሽታ ቆማለች በሏቸውና እኛ ገለባ ቤት እናስገባት" ያልኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ፈሩ። ጫምሳ ዝም አለ፤ እሱ ሁሌም ዝም ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ ገመዳ ላብ በላብ ሆኖ "አንቺ ሴት ታስገድይናለሽ" አለኝ። እሺ ሲል ግን ቀን አልፈጀበትም። በበሬ ጎትተን አወጣናት፣ በገለባ ሸፈንናት።

ያልቆጠርኩት አንድ ነገር ነበር። የእንጨት ጀልባ ቤቷ ውኃ ነው። ጣውላው ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ አንዱ ካንዱ ይጣበቃል። መሬት ላይ ካስቀመጧት ትደርቃለች፤ ስትደርቅ ጣውላው ከጣውላው ይሸሻል። ይህን ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሳምንት ትቆያለች፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ እንመልሳታለን ብዬ ነው። ሰዎቹ አልሄዱም። ሃያ ስድስት ቀን ቆየች። ስንገልጣት የወገቧ መጋጠሚያ ቢላ ያስገባ ነበር።

የገለጥናት በግድ ነው፤ ሻምበሉ መዝገብ ይዞ መጥቶ "ቁጥር ሁለት በሁለት ቀን ውስጥ ትቅረብ" አለ። ደብቀን ነው ማለት ደግሞ አይቻልም፤ በዚያ ሰዓት የግዳጅ ንብረት ደበቀ የተባለ ሰው ተመልሶ አይታይም። ሐይቅ ውስጥ መልሰን እንዳናሳብጣት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ገመዳ እያለቀሰ ሳሙና አመጣ። ሳሙናውን ከሞራና ከአመድ ጋር አቡክተን ስንጥቁን ሞላነው፣ በላዩ ሰማያዊ ቀለም ቀባን። ሙሽራ መሰለች። ሻምበሉ ውኃ ላይ እንያት ሲል ገመዳ "ቀለሙ እርጥብ ነው ጓድ ሻምበል፣ ይበላሻል" አለው። ሰውዬው ደክሞት ነበር። ሳያያት ፈረመ።

እና እኔ አሁን እዚህ ላይ ያለሁት ለዚህ ነው። ሳሙና ባሕር አይችልም። ጣውላው ግን እስከ አሰብ ሦስት ቀን ሙሉ እርጥብ ጆንያ ከለበሰ ያብጣል፣ ይመለሳል። ልጃችንን ሌንሳን ጎረቤታችን ኢፍቱ ዘንድ ትቼ፣ የኡራሉን ሹፌር ሳሊህን ለምኜ፣ "ባሌን እስከ ናዝሬት ልሸኝ" ብዬ ወጣሁ።

ዓለም ጤና ስንደርስ ውኃችን ተሟጠጠ። ሳሊህ ሞተሩ ጋለ ብሎ መንገድ ዳር አቆመ። ደግ ሰው ነው፤ ሳይነግሩት ይገባዋል። ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ፓምፕ እየጮኸ በቦዩ ውኃ ይወርዳል። ጫምሳና እኔ ጀሪካን ይዘን ሮጥን።

አንድ ጋሮምሳ የሚሉት ሽንኩርት አጠጪ አካፋውን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየን።

"ውኃው ለምንድን ነው?"

"ለጀልባ" አልኩት።

"ጀልባ ታጠጫለሽ?"

"አዎ።"

"ትበቅላለች ብለሽ ነው?" ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁ። "አባቴ፣ እኔ ሽንኩርት ተክዬ ውኃ አልበቃኝም፣ እሷ እንጨት ታጠጣለች!"

"አንተ ሽንኩርትህ ቢደርቅ ታለቅሳለህ፣ ቢያድግም ታለቅሳለህ" አልኩት። "ይልቅ ያዝልኝ።"

እየሳቀ ያዘልኝ። አምስት ጀሪካን ሞላን። ጋሮምሳ የመጨረሻውን ራሱ ተሸክሞ ተሳቢው ድረስ አመጣና ጀልባዋን ቀና ብሎ ሲያያት ሳቁን አቆመ። "ወደ ጦርነት ነው?" አለ በኦሮምኛ። ጫምሳ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ሌላ ቃል ሳይናገር ከማሳው ሁለት እቅፍ ሽንኩርት ነቅሎ ወረወረልን።

ሞጆን አልፈን ናዝሬት የገባነው ረፋዱ ላይ ነው። ያን ጊዜ የወገቧን መጋጠሚያ ስዳብስ ጥፍሬ መግባት ትቶ ነበር። እውነቴን ነው። ጣውላው መጠጣት ጀምሯል። "ጫምሳ፣ እየመጣች ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ፈገግ አለ። የዚያን ቀን ፈገግታውን ያየሁት ያኔ ነው።

ናዝሬት ላይ ነዳጅ ልንሞላ አንድ የጦር ግቢ በር ላይ ቆምን። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ጋሪው፣ ወታደሩ፣ ተፈናቃዩ አንድ ላይ ይተራመሳል። ሻምበል ኪዳነወልድ ከዋዙ ወርዶ ወደኛ መጣ። ከተሳቢው ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቀለሙ ነው ጌታዬ" አልኩ ከላይ ሆኜ። "ፀሐይ እንዳይልጠው ብዬ ነው የማርሰው።"

"ለማን ሊታይ ነው ቀለሙ? ለዓሣ?" ፊቱ የቀላ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። "ጆንያውን ሁሉ አውርጂ። ባዶዋን አትሄድም፣ ሁለት መቶ ካርቶን ጋሌጣ ብስኩት ይጫንባታል። ጋሌጣ ከረጠበ የምነክሰው አንቺን ነው።"

"ጌታዬ፣ ትንሽ እንኳ ከጎንና ከጎን..."

"አንዲት ጠብታ አላይም።" ከዚያ ወደ ሳሊህ ዞረ። "መንገድ ላይ ጊዜ አታባክን። ስልክ ተደውሎልኛል። በደረሰችበት ሰዓት ዱቄት ተጭኖባት ትወጣለች። አንድ ቀን የሚጠብቅ የለም።"

በደረሰችበት ሰዓት። ይህን ሲል ሰማሁ። ጫምሳን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

ወታደሮቹ ጆንያዎቼን አንድ በአንድ እያነሱ አቧራው ላይ ጣሏቸው፣ በምትካቸው ደረቅ ካርቶን ደረደሩ። ሻምበሉ "ሸኚ እስከዚህ ነው፣ ውረጂ" አለኝ። ወረድኩ። ዋዙ ሲነሳ ግን ሳሊህ የጋቢናውን በር ከፈተና "ግቢና እግሬ ሥር ተቀመጪ፣ ራስሽን ዝቅ አድርጊ" አለኝ። "ከወለንጪቲ ግን አታልፊም እህቴ። እኔም ልጆች አሉኝ።"

ከናዝሬት ወለንጪቲ ቅርብ ነው። እኔ ግን እዚያ ወለል ላይ ተኮራምቼ ዓመት ሆነብኝ። ነፋሱ ትኩስ ነው፣ እሳት ፊት የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ይኼው ነፋስ ጀልባዋን እየጠረጋት ነው። ጧት ሙሉ ያጠጣሁት ውኃ ወለንጪቲ ሳንደርስ ተንኖ እንደሚያልቅ ገባኝ። ከዚያ መተሐራ አለ፣ አዋሽ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በረሃ ነው። ሁለት ቀን ተኩል በረሃ። አሰብ ስትደርስ ከገለባ ቤት ካወጣናት ጊዜ ብሳ ትደርቃለች። ከዚያ በደረሰችበት ሰዓት ዱቄት ይጫንባታል፣ ጫምሳ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሳሙናው ይሟሟል።

"ሳሊህ" አልኩት፣ "አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"እኔ ሹፌር ነኝ" አለ። "የምሄደው አስፋልቱ ወደሄደበት ነው።"

ወለንጪቲ ላይ ለምሳ ቆሙ። ሻምበሉ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቀይ ወጥ ቀርቦለታል። ጫምሳ ተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ከጋቢናው ስወርድ አይቶኝ ብድግ አለ። በእጁ ቁሚ፣ ቁሚ አለኝ። አልቆምኩም። ቀጥ ብዬ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው።"

"አንቺ እስካሁን አለሽ?" ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

"ጀልባዋ ትሰጥማለች።"

"ማነው ያለሽ?"

"እኔ ነኝ ያደረቅኳት።"

ሁሉንም ነገርኩት። ገለባ ቤቱን፣ ሃያ ስድስት ቀኑን፣ ሳሙናውን። ሊቀመንበሩ አያውቅም አልኩ። ባሌም አያውቅም፣ እኔ ብቻ ነኝ አልኩ።

"ዘጠኝ ሜትር ጀልባ ብቻሽን ጎትተሽ ደበቅሽ?"

"በበሬ ነው።"

አልሳቀም። እጁን ታጠበ። "ይሄ የተናገርሽው ምን እንደሚያስቀጣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ?"

"ባሌ ውስጧ ነው የሚሆነው ጌታዬ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የምለምንዎ። ስትደርስ ሦስት ቀን ወደብ ዳር ታስራ ትጠጣ። ራሷ ትገጥማለች። እኔን እሰሩኝ፣ እሷን አርጥቡልኝ።"

 ሰውዬውን ክፉ ነው አልልም። ኪሱን፣ ወረቀቱ ያለበትን፣ በመዳፉ ደገፍ አደረገ። "ደህና ናት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ፤ "ሞተረኛው! ና ወደዚህ!"

ጫምሳ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

"ሚስትህ ጀልባዋ ደርቃለች፣ ትሰጥማለች ትላለች። ለግዳጅ እንዳትወሰድ ደብቄያታለሁ ትላለች። ልክ ናት?"

አየኝ። እኔም አየሁት። በል፣ በል እውነቷን ነው በል እያልኩ በዓይኔ ገፋሁት። ባሌ በሰው ፊት ሦስት ቃል የማይቀጥል ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን አፉ ተፈታ።

"እንዳልሄድባት ብላ ነው ጌታዬ" አለ። "ይህች ሴት እንዲህ ናት። አምና ምልመላ ሲመጣ እግሩ ሰባራ ነው ብላ ቀበሌ ድረስ ሄዳ ምላልኛለች። ጀልባዋ ደህና ናት።"

እግሩ ሰባራ ነው ማለቴ እውነት ነው። ብያለሁ። ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ።

"ይዋሻል!" አልኩ። "እኔን ሊያተርፍ ነው፣ ይዋሻል! ሂዱና ቀለሙን በቢላ ፋቁት!"

"በቢላ ከፋቅኳት የምትሰጥመው እኔ ስለፋቅኳት ይሆናል" አለ ሻምበሉ። ግንባሩን አሸ። "ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ማንኛችሁ እንደሆናችሁ ባሕሩ ይነግረኛል። ሴትዮዋ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ትቆይ። አሰብ ስንደርስ ጀልባዋ ትወርዳለች። ተንሳፈፈች ብዬ በሬዲዮ አስነግራለሁ፣ መልእክቱ እንደደረሰ ትለቀቃለች። ካልተንሳፈፈች የተናገረችው እውነት ነው ማለት ነው። ያኔ እሷም፣ አንተም፣ ያ ሊቀመንበራችሁም በአንድ ክስ ትቀርባላችሁ።"

የጫምሳ ፊት ያን ጊዜ ተለወጠ።

"ጌታዬ፣ ትንሽ ልጅ አለችን። ይህችን ይልቀቋት።"

"ደህና ናት አላልክም? እንግዲህ ምን ያስፈራሃል?"



ሊያስሩኝ ሲወስዱኝ ሁለት ደቂቃ ሰጡን። ተሳቢው ጎን ቆምን። ጫምሳ እጁን ኪሱ ከትቶ አንዲት ጣት የምታህል የናፍጣ ቧንቧ አወጣ። አወቅኳት፤ የሞተሯ ናት። ያለሷ ሞተሩ አይነሳም።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ከዝዋይ ሳንነሳ ፈትቼአት ነው" አለ በሹክሹክታ። "ሞተሩ ተበላሽቷል ልላቸው ነበር። ዕቃ ይፈለጋል፣ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ሞተሩን እስክሠራ ጀልባዋ ውኃው ላይ ታስራ ትጠጣለች። ማንም አያውቅም ነበር።"

 ተሳቢውን ያዝኩት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ፣ ሃዳ ሌንሳ።" የልጃችን እናት ማለቱ ነው፣ ሁሌም እንዲሁ ነው የሚጠራኝ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሩ። ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነው ያለው።

"አሁንም አድርገዋ! ሞተሩ ተበላሸ በል!"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"እሺ አልኩሽ።" ጆሮዬን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ በሌላ ሰው ፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። "ከሰዎቹ ጋር አትጣይ። ነጋቲ።" በኦሮምኛ ደህና ሁኚ ነው።

ኡራሉ ሲነሳ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጁን አላወዛወዘም፤ በሁለት እጁ የጀልባዋን ጎን ይዟል።

የወለንጪቲ ጣቢያ አንድ ክፍል ነው። እዚያ ያለ ኩፖን ስኳር ስትሸጥ የተያዘች አሰለፈች የምትባል ሴት አገኘሁ። "አንቺስ?" አለችኝ። "ጀልባ አድርቄ" ስላት ጤነኛ መሆኔን ለማየት ተነስታ ሌላኛው ጥግ ሄደች። በማግስቱ ሁሉን ስነግራት ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሰማችኝ። ደሊል የሚባል ፖሊስ ነበር፤ በጠባ ቁጥር "ከአሰብ ወሬ አለ?" እለዋለሁ፣ "አሰብ ጎረቤቴ መሰለሽ?" ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ተሳደብኩ፤ ውኃ ከለከለኝ። ሁለተኛ ቀን ለመንኩት። ሦስተኛ ቀን አልበላሁም። ቀኑን የምቆጥረው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ሚሌ ደርሰዋል፣ ዛሬ ደርሰዋል፣ ዛሬ ጫምሳ ሞተሩን ፈቶ ተቀምጧል፣ ዛሬ ትጠጣለች። መልእክቱ በዘገየ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ሳምንት ታስሬ ልቅር፤ ዘግይ፣ ዘግይ እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደሊል በሩን ከፈተ።

"ውጪ። ባልሽ እውነተኛ ነው፣ አንቺ ውሸታም ነሽ። ተንሳፈፈች ብለዋል።"

ቶሎ ሆነብኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አልገጠመልኝም። ግን ተንሳፈፈች ብለዋል! ምናልባት መንገድ ላይ ዝናብ ጥሏል፣ ምናልባት የዓለም ጤናው ውኃ በቅቷት ነበር። ሰው ደስታ ሲቀርብለት አይመረምርም። በጣቢያው ግቢ መሐል ቆሜ እልል አልኩ። አሰለፈች ከውስጥ ሆና ተቀበለችኝ። ደሊልም ሳቀ፣ የጭነት መኪና አስቁሞ እስከ ናዝሬት አሳፈረኝ። ዝዋይ ስደርስ ገመዳ ቤት ድረስ ሮጬ "ተንሳፈፈች!" አልኩት፤ እግሬ ላይ ወደቀ። ሌንሳን አቅፌ "አባባ ይመጣል" አልኳት።

ሳሊህ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ፊቱን አይቼ አወቅኩ፤ ግን ንገረኝ አልኩት፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ አንድ ነገር አታስቀር አልኩት።

የደረስነው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነው አለኝ። አንድ ሽማግሌ የባሕር ሰው ጀልባዋን ዞሮ አያትና "ይህች ደርቃለች፣ ሁለት ቀን እሰሯት" አለ። ሻምበሉ ወደ ጫምሳ ዞሮ "ምን ትላለህ?" አለው። ጫምሳ "ደህና ናት። አሁን ትውረድ" አለ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ቧንቧ አውጥቶ ሞተሩ ላይ ገጠመ፣ አንዴ ነካው፣ ተነሳ።

"ገጠመው?" አልኩ።

"ገጠመው። እኔ ጠጋ ብዬ 'ሁለት ቀን ብትጠብቅ ምን ትሆናለህ?' አልኩት። 'ሁለት ቀን ሃዳ ሌንሳ ታስራ ትቆያለች' አለኝ። 'አፏን ታውቃለህ፤ ሁለት ቀን ከጨመሩላት አንዱን ፖሊስ ትሰድብና ጭራሽ አይፈቷትም' አለኝ። ሳቀ ደግሞ።"

በክሬን አወረዷት አለ ሳሊህ። ዱቄት ጫኑባት፣ ስድስት ወታደር ገባ። አብረዋት ሁለት ጀልባዎች ወጡ። ሲመለሱ የነገሩት እነሱ ናቸው፤ ወደቡ ከዓይን ሳይጠፋ ሰዎቹ ዱቄቱን ወደ ባሕር ሲወረውሩ አየናቸው፣ ከዚያ በጣሳ ውኃ ሲቀዱ አየናቸው፣ ማዕበሉ ከፍ ብሎ ነበር፣ ዞረን ልንደርስላቸው ስንል ሰማያዊዋ ጀልባ የለችም አሉ። ሁለት ወታደር አወጡ። ጫምሳን አላገኙትም። ወረቀቱ ላይ በጠላት ተኩስ ሰጠመች ተብሎ ተጽፏል አለኝ።

"ስትወርድ ውኃ አልገባባትም? ሻምበሉ አላየም?"

ሳሊህ ጥምጥሙን ፈታና ፊቱን ጠረገበት።

"ይገባባት ነበር። ጫምሳ ጫማውን አውልቆ ውስጧ ቆሞ ነበር፤ እኔ የወደቡ ጠርዝ ላይ ስለነበርኩ አየሁት፣ ውኃው ከወለሉ ርብራብ በላይ ቁርጭምጭሚቱን ሸፍኗል። ሻምበሉ ግን ከሩቅ ነው። ጫምሳ እጁን አፉ ላይ አድርጎ 'ተንሳፍፋለች! ላኩ!' እያለ ይጮሃል። 'ላኩ' ይላል ደግሞ። የሬዲዮው ልጅ 'ተልኳል' አለው። 'ወለንጪቲ ተቀብሏል ወይ?' ብሎ ጠየቀ። ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን። ልጁ 'ተቀብለናል ብለዋል' ሲለው ራሱን ነቀነቀና ጎንበስ ብሎ ገመዱን ራሱ ፈታ።"